ጋቢው አለ፣ እንዝርቱ ግን የለም

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ጥንት ግሪኮች የሸክላ ዕቃና ከኛ ቤት ስለጠፋ አንድ ነገር ነው።

በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ከልጄ ጋር ኒውዮርክ የሚገኘውን የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ልናይ ሄደን ነበር። የጥንት ግሪክ ዕቃዎች ካሉበት ስንደርስ ልጄ አንዲት የዘይት ማሰሮ ፊት ቆማ አልንቀሳቀስ አለች። ማሰሮዋ ቁመቷ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። የተሠራችው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ550 እስከ 530 ባለው ጊዜ ነው። ዙሪያዋን ሴቶች ሱፍ ሲመዝኑ፣ ሲፈትሉና ሲሸምኑ ተሥለውባታል።

«እማዬ፣ ከክሩ ሥር የተንጠለጠሉት ምንድን ናቸው?» አለችኝ።

የግሪኮቹ የሽመና ዕቃ እንደ እኛ አገር ሸማኔ በአግድም አይዘረጋም፤ ይቆማል። ሁለት እንጨቶች ግድግዳ ተደግፈው ይቆሙና ከላይ አንድ እንጨት ይጋደምባቸዋል። ድሩ ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል። ድርን መቼም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ከሚለው ተረት ታውቁታላችሁ፤ እሱን እያቋረጠ የሚያልፈው ክር ደግሞ ማግ ይባላል። ታዲያ የተንጠለጠለ ክር ካልተወጠረ ይወዛወዛል፣ ይጠላለፋል። ስለዚህ ክሩን በጥቂት በጥቂቱ ሰብሰብ አድርገው ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለው ሸክላ ያስሩበታል። የሸክላው ክብደት ክሩን ወጥሮ ይይዘዋል። ልጄ ያየችው እሱን ነው።

ወፍራም ክር ከባድ ሸክላ ይፈልጋል፣ ቀጭኑ ቀለል ያለ። በመሆኑም ተመራማሪዎች ሸክላውን መዝነው በምን ዓይነት ክር ይሠራ እንደነበር ይገምታሉ። ጨርቁማ አፈር ውስጥ በስብሶ አልቋል! በሰሜን ግሪክ የምትገኘው ኦሊንቶስ የምትባል ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ348 ዓ.ዓ. ፈርሳ ነበር፤ ቤቶቿ ሲቆፈሩ እንዲህ ያሉ ሸክላዎች በብዛት ተገኝተዋል። በአንዳንዱ ሸክላ ላይ ጭቃው ሳይደርቅ የነካው ሰው የጣት አሻራ ሳይቀር ይታያል። ስሙን የሚያውቅ የለም፣ ጣቱ ግን አለ። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው።

በሥዕሉ ላይ የምትፈትለዋን ሴት ሳይ እናቴ ትዝ አለችኝ። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ስትለቀው፣ ጥጡ እየቀጠነ ክር ሲሆን ፊቷ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። እኛ ዘንድ እናቶች ይፈትላሉ፣ ሸማኔው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፤ ግሪኮቹ ጋ ግን ቤት ውስጥ ሁለቱንም የሚሠሩት በብዛት ሴቶች ነበሩ። ይህን ለልጄ እያስረዳኋት ሳለ፦

«የአያቴ እንዝርት ታዲያ የት አለ?»

ምን ልበላት? እናቴ ካረፈች በኋላ አዲስ አበባ ያለውን ቤት ስንለቅ ከአሮጌ ዕቃ ጋር አውጥቼ የጣልኩት እኔው ነኝ። ያኔ እንጨት ብቻ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ነገርኳት። ዝም አለች።

ግሪኮቹ ጨርቁ ጠፍቶ ሸክላው ቀረላቸው፤ እኛ ቤት ተገላቢጦሽ ሆነ። እናቴ የፈተለችው ጋቢ አለ።

ቤት እንደገባን ልጄ ጋቢውን ሶፋ ላይ ዘርግታ «ድሩ የቱ ነው? ማጉስ?» አለችኝ። እኔም አላወቅኩትም። ለአክስቴ ደወልንላት።

«የኔ ቆንጆ፣ ጥለቱን ፈልጊ» አለቻት አክስቴ ከአዲስ አበባ። «ጥለቱን ተከትሎ የሚሄደው ማግ ነው፤ እሱን የሚያቋርጠው ድር። አገኘሽው?»

ልጄ በጣቷ እየተከተለች፣ «ቆይ… ቆይ… አዎ፣ አገኘሁት!» አለች።