ኤረር በር፦ ምሳ የሚገባበት በር

ሐረርን ሊያይ የመጣ እንግዳ ጉብኝቱን ከፈረስ መጋላ ይጀምርና የራምቦን ቤትና የሸሪፍን ሙዚየም አይቶ እዚያው ፈረስ መጋላ ላይ ይጨርሳል። እነሱን እዚህ አልደግማቸውም፤ ሐረርን የረገጠ ሁሉ ያውቃቸዋል። እኔን ግን ሐረር በገባሁ ቁጥር እግሬ የሚወስደኝ ቁልቁል ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኤረር በር ነው።

ይህ በር ባለሁለት ስም ነው። ሐረሪዎች አርጎብ ባሪ ይሉታል፤ ከአርጎባዎች ጋር የተያያዘ ስም ነው። ሌላው ስሙ የመጣው መንገዱ ከሚወርድበት ከኤረር ሸለቆ ነው። በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል፣ ከጥንትም በአምስት ሰፈር የተከፈለ ነው፤ ሰፈሮቹም የሚጠሩት በበሮቻቸው ስለሆነ ኤረር በር ሲባል በሩም ከበሩ ወደ ውስጥ ያለው መንደርም ማለት ነው።

በሩ አጠገብ ጠዋት ጠዋት የማይጠፉ አንድ አዛውንት አሉ። ኩቲያቸውን፣ ማለትም የቡና ቅጠል ሻያቸውን፣ በወተት ይዘው ይቀመጣሉ፤ ጨዋታ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። አንድ ቀን ሸዋ በርን አወድሼ ተሳሳትኩ።

«አቦ ተወኝ!» አሉ። «በሸዋ በር የሚገባው ወሬ ነው። በዚህ የሚገባው ምሳ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ገና ሳይሞቅ የኦሮሞ እናቶች ከሸለቆው ሽቅብ ይመጣሉ፤ ማገዶ በጀርባ፣ ማንጎና ሙዝ በቅርጫት፣ ጫት በጨርቅ ተጠቅልሎ። አህዮች ባጃጁን «አንተ ጠብቅ» የሚሉ ይመስል መሐል መንገዱን ይዘው ይሄዳሉ። ዋጋ የሚጠየቀው በኦሮምኛ ነው፤ ክርክሩ ወደ አማርኛ ይዞራል፤ ሐረሪዋ እመቤት ለጎረቤቷ በጌይ ሲናን «ተወደደ» ትላለች፤ ሻጯም ሰምታ ትስቃለች። አስተርጓሚ የሚፈልገው እንደ እኔ ያለ መጤ ብቻ ነው።

በዚሁ በኩል ከገቡ እንግዶች ስሙ ገንኖ የቀረው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነው፤ የገባውም እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ነበር። ብዙ ሰው «የአረብ ነጋዴ መስሎ ሾልኮ ገባ» እያለ ያወራል። እሱ ራሱ በመጽሐፉ የጻፈው ሌላ ነው። ከዘይላ እስከ ሐረር አቅራቢያ ድረስ በእርግጥ እንደ ሙስሊም ነጋዴ ተጉዟል፤ ከከተማዋ ሲቃረብ ግን እንግሊዛዊነቱን ገልጦ መግባትን መረጠ፤ ከኤደን የተላከ አስመስሎም በገዛ እጁ ለአሚሩ ደብዳቤ ጻፈ። አሚር አህመድ ፊት ቀርቦ አሥር ቀን ያህል ቆይቶ በሰላም ወጣ። ታሪኩን ለአዛውንቱ ስነግራቸው ትንሽ አሰብ አደረጉና «እና ሲገባ ምን ይዞ መጣ?» አሉኝ። ደብዳቤ አልኳቸው። «በቃ፣ ወሬ ነዋ! በሩን ስቶ ነው» ብለው ኩቲያቸውን ፉት አሉ።

በሩን የያዘው ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የቆመ ነው። ኢማም አህመድ ከሞቱ በኋላ ከተማዋ ከየአቅጣጫው ጥቃት ሲበዛባት አሚር ኑር ዙሪያዋን አጠሩላት፤ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ያኔ ሲመሽ በሮቹ ይዘጉና ቁልፎቹ ወደ አሚሩ ይወሰዱ ነበር። ነገር ግን ይኸው ግንብ ከሥሩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ወረባ ኑዱል ይባላሉ፣ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ጠላት የተፈራባት ከተማ ለጅብ መግቢያ አበጅታለች! ጅቡ ሌሊት ገብቶ የተጣለውን አጥንት ለቃቅሞ፣ መንገዱን አጽድቶ ይወጣል።

ዓለም የሚያውቀው የጅብ ማብላት ልማድም ከዚህ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ከኤረር በርና ከሳንጋ በር መካከል፣ ከግንቡ ውጭ፣ የአው አንሰር አህመድ ቅዱስ ስፍራ አለ። ዩሱፍ ሙሜ ለረጅም ዓመታት ጅቦችን በየስማቸው እየጠራ ሥጋ ያጎረሰው በዚያው አካባቢ ነው፤ ሙያውንም ለልጁ ለአባስ አስተላልፏል። በአሹራ ቀን ደግሞ ለጅቦች በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርባል፤ አበላላቸው ታይቶም የዓመቱ ዕድል ይነበባል። አዛውንቱ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «ጎረቤት ነዋ፤ ጎረቤት ሳይበላ አይታደርም» ይላሉ።

ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 82 መስጊዶቹና 102 ቅዱሳት ስፍራዎቹ ተቆጥረውለታል። መቁጠሩ መልካም ነው። ኤረር በርን በሕይወት ያቆየው ግን የጠዋቱ ገበያ ነው። ገበያተኛ የማያልፍበት በር፣ ድንጋዩ ቢታደስም ቀለሙ ቢያምርም፣ ፎቶ መነሻ ከመሆን አያልፍም። እድሳት ሲታሰብ ለእነዚያ እናቶች መቀመጫና ጥላ አብሮ ይታሰብ።

ልታዩት ከፈለጋችሁ ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ከተማው በርጫ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ኤረር በር ላይ የምታገኙት ገራባ የሚለቅሙ ፍየሎችን ነው።