ቡቺን የገደልኳት እኔ ነኝ

ውሻዬን ቡቺን ጎረቤቴ መርዘውብኛል ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ሴትዮዋ በቡቺ ጩኸት እንቅልፍ እንዳጡ ደጋግመው ነግረውኝ ስለነበር ሌላ ነገር ማሰብ አልፈለግኩም። በራቸው ላይ ቆሜ፣ ሰው እየሰማ ሰደብኳቸው። ሐሰት ነበር።

ቡቺ ሁዳዴን 55 ቀን ከእኛ ጋር በደረቅ እንጀራ ከርማለች። የፋሲካ ዕለት ቤቱ በዶሮ ወጥ ሽታ ሲታወድ እሷ ብቻ ለምን ይቅርባት አልኩ። ከድስቱ የተረፈውን ቁሌት በእንጀራ ፈትፍቼ ሰጠኋት፤ በማግስቱም ደገምኩላት። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት እንደሚወጋ ስለማውቅ አጥንቱን ለቅሜ አወጣሁ። በዚያ ጥንቃቄዬ ልቤ ሞልቶ ነበር። ሽንኩርቱን ማን አስቦት!

ከቀናት በኋላ ከጥግ አልነሳ አለች። «ጠግባ ነው» አልኩ። ምግብ ስትተው «ቁሌት ለምዳ ነው» አልኩ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ብወስዳት ምናልባት ትተርፍ ነበር። ሽንቷ እንደ ቡና ጠቁሮ ሳይ ነው የደነገጥኩት፤ ያኔም ጣቴን የቀሰርኩት ወደ ጎረቤቴ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ «ምን በላች?» ሲለኝ «መርዝ» አልኩት። «አንተስ ምን አበላሃት?» አለኝ። ነገርኩት። ከንፈሯን ገልጦ ድዷን አሳየኝ፤ ነጭ ሆኗል። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል፤ ማብሰል ጉዳቱን አያጠፋውም። ለአንድ ኪሎ የውሻ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ለጉዳት ይበቃል። ቡቺ 8 ኪሎ እንኳ አትሞላም ነበር፤ ቁሌት ደግሞ ውሃው ተመጥጦ የቀረ ሽንኩርት ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ቀናት ቆይቶ ስለሚመጣ ባለቤቱ ከምግቡ ጋር አያገናኘውም አለኝ። ሌሊቱን አላደረችም።

ጎረቤቴ ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ይቅር ብለውኛል። ግን ዛሬም «ውሻ ገዳይዋ» የሚሏቸው አሉ። ያን ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ይህንንም የጻፍኩት ያኔ ስጮህ የሰማ ሁሉ እንዲያነበው ነው።