ጦጣዋ ሳሎን ስትገባ

ሶደሬ ያደረ ሰው ጦጦቹን ያውቃቸዋል። ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዋሽ ዳር በሚገኘው በዚህ የፍል ውሃ መዝናኛ፣ የእንግዳን ሙዝ ከእጅ መንጠቅ ልማዳቸው ነው። የተከፈተ መስኮትም ለእነሱ ግብዣ ነው።

ነገሩ የሚከፋው የገቡበት ቤት ውሻና ድመት ሲኖረው ነው። ውሻው ይጮኻል፤ ድመቷ አልጋ ሥር ትወሸቃለች፤ ጦጣዋ መጋረጃው ላይ ተንጠልጥላ ጥርሷን ታሳያለች። ፈገግታ እንዳይመስላችሁ፣ ፍርሃት ነው።

የዱር እንስሳና ውሻ አብሮ ማኖርስ አዲስ አይደለም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም አንበሶችና ሉሉ የተባለ ትንሽ ውሻ ነበሯቸው። አንበሶቹ ግን ጠባቂ ነበራቸው!

ጦጣ ሞኝ አይደለችም። ተመራማሪዎቹ ሳይፋርዝ፣ ቼኒና ማርለር በኬንያ አምቦሴሊ ያጠኗቸው የቅርብ ዘመዶቿ ለነብር፣ ለንስርና ለእባብ የተለያየ የማስጠንቀቂያ ጩኸት እንዳላቸው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1980 አሳይተዋል። ለሳሎን ውሻ የትኛውን ትመርጥ ይሆን?

ዱላ ማንሳት አያዋጣም፤ መውጫ ያጣች ጦጣ ትናከሳለች። ውሻውን ሌላ ክፍል ዘግቶ፣ በርና መስኮቱን ከፍቶ ገለል ማለት ይሻላል። ከነከሰች ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሌሎች አጥቢ እንስሳትንም ይይዛል። የተነከሰ ውሻ ወይም ድመት ካለም ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ።