ጥርስ ያረፈባት ፉርጎ

ዛሬ የምናካፍላችሁ ስለ አንዲት አሮጌ የመጫወቻ ባቡር ፉርጎ ነው። ነገሩ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል፤ እኛን ግን ንስሐ አስገብቶናል።

እኛ ባልና ሚስት የምንኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ኅብረታችን የራሱ አዳራሽ ስለሌለው እሁድ ከሰዓት በኋላ የእንግሊዞቹን ቤተ ክርስቲያን ተከራይተን እናመልካለን። ለብዙ ዓመታት በሩን የከፈቱልን፣ በብርድ ወራት ቀድመው መጥተው ማሞቂያውን ያበሩልን አንድ እንግሊዛዊ አዛውንት ናቸው። ልጆቻችን «አባባ» ይሏቸዋል፤ እኛም ከልጆቹ ተቀብለን አባባ ብለን ቀረን። ባለፈው ዓመት እጃቸው መንቀጥቀጥ፣ ዓይናቸውም መድከም ጀመረና ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ ሆነ። ቤታቸውን ሲለቁ አንድ የጫማ ካርቶን ሰጡን። ከሁለታችን የአንዳችን አባት ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ መሆናቸውን አጫውተናቸው ነበርና፣ «የባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ አይደላችሁ? እስቲ ይህችን አሳምሩልኝ» አሉን።

ካርቶኑ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለች አንዲት የፕላስቲክ ፉርጎ ነበረች። ልጅ ሳሉ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ለገና የተሰጠቻቸው ናት። የእንግሊዝ ምድር ባቡር ከ1951 ጀምሮ ያሠራው «ማርክ 1» የሚባለው የመንገደኞች ፉርጎ አምሳያ ስትሆን፣ ቀለሟም የዚያን ዘመን ነው፤ ከታች ቀይ፣ በመስኮቶቹ ዙሪያ ክሬም። ግማሹ ቀለም ተፋፍቋል፣ የመስኮቶቹ ላስቲክ ቢጫ ሆኗል፣ አንድ ጎማ ጎድሏል፣ ሁሉም ነገር ላይ የቅባትና የአቧራ ድርብርብ አለ።

እኛ የምንሠራውን ነገር በደንብ እንሥራ የምንል ሰዎች ነን። ስለዚህ ማንበብና መጠየቅ ጀመርን። በእንግሊዝ የተለመደው የሞዴል ባቡር ልክ «ኦኦ» ይባላል፤ የእውነተኛው አንድ ጫማ በሞዴሉ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ማለትም ወደ 76 ጊዜ ያህል ያንሳል። እውነተኛው ፉርጎ ርዝመቱ 64 ጫማ ተኩል ስለነበረ ሞዴሉ 258 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባ ነበር። የአባባ ፉርጎ ግን አጠር ያለች ናት። የያኔ መጫወቻዎች ሳሎን ወለል ላይ በጠባብ ኩርባ እንዲዞሩ ሲባል ርዝመታቸው ይቀነስ ነበር። ይህንን ማስተካከል አይቻልም። ርዝመቷን እንዳለ ተቀብለን ሌላውን ለማሻሻል ወሰንን።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ማታ ማታ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መሥራት ጀመርን። መጀመሪያ ጣሪያውን ከአካሉ አላቀቅን፣ ሁሉንም ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠብን። አሮጌው ቀለም እንዲለቅ ቸኩለን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነካ ስናደርግበት አሴቶኑ ፕላስቲኩን ራሱን አቀለጠውና የአንድ መስኮት ጠርዝ ተበላሸ። ያኔ ነው ቀለሙን አስለቅቆ ፕላስቲኩን የማይጎዳው አይሶፕሮፒል አልኮል መሆኑን፣ እርሱም ቢሆን አስቀድሞ በማይታይ ቦታ መሞከር እንዳለበት የተማርነው።

ከዚያ የፕላስቲክ ጎማዎቹን አውጥተን 14 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያላቸውን የብረት ጎማዎች አስገባን። በሁለቱ ጎማዎች ውስጠኛ ፊት መካከል ያለው ርቀት 14.5 ሚሊ ሜትር መሆኑን እየለካን ነበር፤ ይህ ሲዛባ ፉርጎ መስመር ማቋረጫ ላይ ከሐዲድ ይወጣል። ቀላል ስለነበረች ወለሏ ላይ ጥቂት ዳዶዎች አጣብቀን ክብደት ጨመርንላት። ከበሮቹ አጠገብ በቀለም ብቻ የተሳሉትን እጀታዎች ፍቀን፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በስተን፣ ከቀጭን የነሐስ ሽቦ የታጠፉ እጀታዎችን በወረንጦ ይዘን ተከልን። መቀመጫዎቹን ቀባን፣ ትንንሽ መንገደኞችንም አስቀመጥን። ክሬሙን ቀድመን፣ ቀዩን ቀጥለን፣ በስሱ ሁለት ሁለት እጅ ቀባናት። በሮቹ ላይ «3» የሚለውን ቁጥር ለጠፍን፤ በእንግሊዝ ባቡር ሦስተኛ ማዕረግ «ሁለተኛ» ተብሎ የተሰየመው በ1956 ነውና፣ ቀዩና ክሬሙ ቀለም ከዚያ ቁጥር ጋር ይሄዳል።

አንድ ነገር ቀረ። ጣሪያዋ ጥግ ላይ አራት ትንንሽ ጉድጓዶች ነበሩ። አይጥ የቆረጠመው መሰለን። ስቱኮ ሞልተን፣ ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያራስን አለሰለስነው፣ ግራጫም ቀባነው። ጣት ብታሳርፉበት ምንም አይታወቅም። እውነቱን ለመናገር ከሥራው ሁሉ በጣም የኮራነው በዚያ ጥግ ነበር።

ፉርጎዋን ይዘን አባባ ዘንድ ሄድን። መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ተቀበሉን፣ ጎማዋን አሽከረከሩ፣ ሳቁ። ከዚያ አውራ ጣታቸው ወደ ጣሪያው ጥግ ሄደ። ተመላለሰ። ወደ ሌላኛው ጥግ ሄደ፣ ተመለሰ። እኛ እንዴት እንደለሰለሰ እያደነቁ መስሎን ደስ አለን።

«ጥርሱስ?» አሉ ቀስ ብለው።

ታናሽ ወንድም ነበራቸው። ገና መዳህ ሲጀምር ፉርጎዋን አንስቶ ነክሷት ነበር። አባባም ያን ቀን ተናደው መቱት። ልጁ አምስት ዓመት ሳይሞላው ታመመና ሞተ። ከእርሱ የቀረ ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱንም አሁን ዓይናቸው አያየውም። ጥርሱን ግን ከ60 ዓመት በላይ በጣታቸው ሲያገኙት ኖረዋል።

ምን እንበል? «አባባ፣ አላወቅንም» አልን። እርሳቸው እጃችንን ይዘው አጽናኑን። «በጣም ቆንጆ ሠርታችኋል» አሉ ደጋግመው። ያ ደግሞ ከቁጣ በላይ ከበደን።

ፉርጎዋን መልሰን ወሰድናት። በዚያ ሌሊት በምላጭ ጫፍ ስቱኮውን ጥቂት በጥቂት ስናወጣ አንዳችን መብራት ይዘን፣ አንዳችን እየጫርን፣ ሳንነጋገር አመሸን። ስቱኮው ለቀቀ። ነገር ግን ስናለሰልስ የጥርሱን ጠርዝ ራሱን ፍቀነው ነበር። ሁለቱ ጉድጓዶች በደንብ ተመለሱ፣ ሦስተኛው በጥቂቱ፣ አራተኛው ጠፍቶ ቀረ።

ወገኖች ሆይ፣ በዚያች ሌሊት ጌታ አንድ ነገር አስተማረን። እድፍና ጠባሳ አንድ አይደሉም። የፉርጎዋን ቅባት ማጠባችን ልክ ነበር፤ የማይሽከረከረውን ጎማ መለወጣችንም ልክ ነበር። የጥርሱን ምልክት መድፈናችን ግን ጥገና አልነበረም። ልዩነቱን በማየት ብቻ ልናውቀው አንችልም ነበር፤ ባለቤቷን መጠየቅ ነበረብን። ስለ ጎማና ስለ ቀለም ስንት ሰው ጠይቀናል! ካርቶኑን የሰጡንን ሰው ግን «ይህ ምንድን ነው?» ብለን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅናቸውም።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ላይ ጌታ ከሙታን ተነሥቶ ለደቀ መዛሙርቱ ሲገለጥ እጆቹንና ጎኑን እንዳሳያቸው እናነባለን። ሞት ያላስቀረው አካል ነው። በሮች ተዘግተው ሳለ በመካከላቸው የቆመ አካል ነው። የችንካሩ ምልክት ግን እዚያው አለ። አብ ልጁን ሲያስነሣ ያንን መድፈን አቅቶት ነው? አይደለም። ቶማስም ጌታውን የለየው በዚያ ምልክት ነው። ኃጢአታችንን እግዚአብሔር ያጥባል፤ በዚህ አንከራከርም። ቁስላችንን ግን ይፈውሰዋል እንጂ እንዳልነበረ አያደርገውም።

ይህንን ስናስብ አንዲት እህታችን ትዝ አለችን። በቤታችን የሚሰበሰበው የጸሎት ኅብረት አባል ናት። ዓረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ ብዙ መከራ አይታ፣ በብዙ መንገድ ተንከራትታ ነው እዚህ የደረሰችው። ከሁለት ዓመት በፊት በጉባኤ እንድትመሰክር ተጠይቃ አስቀድማ ለእኛ ነገረችን። እኛም «እህታችን፣ ያን ሁሉ ዘመን ማንሣት ሰው ያስጨንቃል፤ ጌታ አሁን ያደረገልሽን ብቻ ተናገሪ» ብለን መከርናት። እርሷም ታዘዘች። የሦስት ደቂቃ ምስክርነት ሰጠች፣ ሁሉም «አሜን» አለ። ከዚያ ወዲህ ግን በኅብረታችን ተቀምጣ ታዳምጣለች እንጂ አትናገርም። እኛ ዝምታዋን እርጋታ ነው ብለን ስናመሰግን ነበር። ለካስ ስቱኮው ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ቤቷ ሄድን። ቡና አፈላችልን። ስለ ፉርጎዋ ነገርናት፣ ከዚያም ይቅርታ ጠየቅናት። ብዙ ዝም አለች። ሁለተኛውን ስኒ ስትቀዳ እንዲህ አለች፦ «ጋሼ፣ እትዬ፣ እኔን ጌታ ያገኘኝ እኮ እዚያ ነው። በዚያ ወጥ ቤት ወለል ላይ። ያንን ከተውኩት ምን ልናገር?»

መልስ አልነበረንም። እስካሁን በጉባኤ ፊት አልቆመችም፤ እኛም አንገፋፋትም። በዚያ ቀን ግን ለእኛ ለሁለታችን እስኪመሽ ድረስ ነገረችን። እኛም ሳናቋርጣት ሰማናት።

በቤተ ክርስቲያን የምናገለግል ሁሉ፣ ልጆች የምናሳድግም፣ አዲስ አማኝ የምናስተምርም፣ እጃችን ላይ ብርጭቆ ወረቀት እንዳለ እናስታውስ። ሰውን ማለስለስ ከመጀመራችን በፊት እንጠይቅ፤ የሠራውን ጌታ በጸሎት፣ ሰውየውን ደግሞ ቁጭ ብለን በጆሯችን። ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆችም፣ ወደ እርሱ ለመቅረብ መጀመሪያ ታሪካችሁን መድፈን ያለባችሁ እንዳይመስላችሁ። እንዲያ ያልናችሁ እኛ ከሆንን፣ ይቅር በሉን።

ፉርጎዋ አሁን በአባባ ክፍል መስኮት ላይ ተቀምጣለች። የነሐሱን እጀታ አያዩትም፣ በሩ ላይ ያለውን «3» አያነቡትም። ባለፈው ሳምንት ስንጠይቃቸው አውራ ጣታቸው ጥግ ላይ ነበር። «ሁለቱ አሉ» አሉን።