ባንኮኒ የነበረበት ሳሎን

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ዳር የተሰለፉት ከተሞች፣ የአዋበሏ ሉማሜም ጭምር፣ ቤት ሲሠሩ የቆየ ልማድ አላቸው፤ ፊቱ ለሱቅ፣ ጓዳው ለቤተሰብ። መንገድ ዳር የደረሰው ሰው የተሻለውን ክፍል ለጨው፣ ለሳሙናና ለባትሪ ድንጋይ ይለቅና እሱ ከኋላ ይተኛል። ማታ ደንበኛ ሲያንኳኳ ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣል፣ አንድ ክብሪት ሸጦ ይመለሳል። ቤት ሱቅ ቢሆን ማንም አይደነቅም። ሱቅ ቤት ሲሆን ግን ታሪኩ ረዘም ይላል፤ በተለይ ሱቁ የኩባንያ ወይም የመንግሥት የነበረ እንደሆነ።

እንዲህ ያለው ቤት በብዛት የሚገኘው አሜሪካ ውስጥ፣ የከሰል ድንጋይ በሚወጣባቸው የአፓላችያ ሸለቆዎች ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ዊፕል በምትባል ቦታ፣ ጀስተስ ኮሊንስ የተባለ የከሰል ባለሀብት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ያሠራው የኩባንያ ሱቅ እስከ ዛሬ ቆሟል። ሌሎችም ብዙ ነበሩ። ከፊሉ ፈረሰ፣ ከፊሉ ሙዚየም ሆነ፣ ከፊሉ ውስጥ ደግሞ ሰው አልጋውን ዘርግቶ ይኖራል። የገጠር ቤት ፈላጊ እንዲህ ያለውን ሱቅ የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ የከባድ ጆንያ ክብደት የቻለ ነው። ኩባንያው ለማዕድን ቆፋሪው የሠራለት ቤት ግን ስስ ሳንቃ ነበር። ዕቃ ከሰው የተሻለ ቤት ያገኘበት ዘመን ነው።

ሱቁ እንዲያ የጠነከረው ብዙ ስለሚጠበቅበት ነበር። ሸለቆው ከከተማ ይርቃል። ቤቱም፣ ሐኪሙም፣ ሱቁም የኩባንያው ነው። ቆፋሪው የሚከፈለው ባወጣው ከሰል በቶን እየተሰላ ሲሆን፣ ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ ይነሳል፤ የሐኪም ይነሳል፤ ድንጋዩን የሚያፈነዳበት ባሩድ ሳይቀር ይነሳል። እስከ ክፍያው ቀን መቆየት ያቃተው ሰው ስክሪፕ የሚባለውን የኩባንያውን የራሱን ገንዘብ በቅድሚያ ይወስዳል። ስክሪፑ ከብረት የተቀረጸ ሳንቲም መሰል ነገር ሲሆን ሱቁ ውስጥ ዱቄት ይገዛል፤ ከሱቁ ደጃፍ አልፎ ሲሄድ ግን ከቆርኪ አይሻልም። በእንዲህ ዓይነት ሒሳብ ወሩ ሲያልቅ አሠሪው ባለገንዘብ፣ ሠራተኛው ባለዕዳ ሆነው ይገናኛሉ።

ብልሃቱ የአሜሪካ ብቻ አልነበረም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1831 ደመወዝን በዕቃ መክፈልን የሚከለክል ሕግ ያወጣችው የእሷም ባለፋብሪካዎች ይህንኑ ስላደረጉ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በጥር 1907 የሪዮ ብላንኮ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ሲያምፁ እሳት የለኮሱት በኩባንያው ሱቅ ላይ ነበር፤ ወታደር ተኩሶባቸው ብዙዎች አለቁ። ከ10 ዓመት በኋላ የወጣው የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ሠራተኛን ከተወሰነ ሱቅ እንዲገዛ ማስገደድን ከለከለ። ሱቅ በሕገ መንግሥት ስሙ ሲነሳ ምን ያህል ቢያስመርር እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ የከሰል ኩባንያ ሱቅ አናገኝም። ጭልጋም ያዩም ከሰል አላቸው፤ ከሰሉን ከቦ የተቋቋመ ባለ ስክሪፕ ከተማ ግን አልነበረንም። ለኩባንያ ከተማ የምትቀርበው በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡር የደረሰባት ድሬዳዋ ናት፤ የባቡር ኩባንያው ከዚራ ሰፈር ላይ የሠራቸውን ቤቶች ያየ ይመሰክራል። የጎጃም ገበሬ ግን ሌላ ሱቅ ያስታውሳል።

በ1968 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበራትን ያደራጀው አዋጅ ቁጥር 71 የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራትንም አብሮ አመጣ። ጥቂት የገበሬ ማኅበራት ተሰባስበው አንድ ሱቅና አንድ መጋዘን ይኖራቸዋል፤ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ጨርቅ በመንግሥት ዋጋ ይሸጥበታል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነጋዴ በጨው ላይ እንዳይከብር። በዚያው ሰሞን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መጣ። ጎጃም ከአርሲና ከሸዋ ጋር ሆኖ ለድርጅቱ ዋና እህል አቅራቢ ነበር፤ ጤፍ አብቃይ መሆን ያኔ ዕድልም ፍዳም ነው። ለያንዳንዱ ገበሬ ኮታ ይመደባል፤ ዋጋውን ድርጅቱ ይቆርጣል፤ የተቆረጠው ዋጋ ደግሞ ከገበያው በእጅጉ ያንሳል።

ኮታውን ያልሞላ ገበሬስ? ከማኅበሩ ሱቅ ስኳርና ሳሙና ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ምርቱ ያልበቃው ሰው ገበያ ወጥቶ እህል በውድ ይገዛና ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። አፓላችያ ያለው ቆፋሪ ይህን ቢሰማ ዘመዴ ነህ ብሎ ያቅፈው ነበር። ልዩነቱ፣ ቆፋሪውን ያስጨነቀው ለትርፍ የቆመ ኩባንያ ሲሆን ገበሬውን ያስጨነቀው በስሙ የተቋቋመ ማኅበር መሆኑ ነው። የገዛ ማኅበርህ ሲሆን ደግሞ ለማን አቤት ይባላል?

ከሉማሜ ብዙ ሳይርቅ፣ በደጀን በኩል የነበረው፣ መሬቱን በጋራ የሚያርሰው የየትኖራ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር በዚያ ዘመን በአርአያነት የሚጠቀስ ነበር። የአምራች ማኅበራት ማልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ እየተባሉ በደረጃ በሚወጡት መሰላል ላይ ስሙ ከፊት ይነሳ ነበር። መሰላሉ የተነሳው ባንድ ንግግር ነው። የካቲት 1982 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚን አወጁ፤ ኮታው ቀረ፣ መበተን የፈለገ ማኅበርም እንዲበተን ተፈቀደ። አብዛኞቹ የአምራች ማኅበራት ሳምንታት እንኳ አልፈጀባቸውም። በዓመቱ መንግሥት ሲወድቅ ደግሞ በየቦታው የኅብረት ሥራ ሱቆችና መጋዘኖች ተዘረፉ። የዘረፈው ሰው ወንጀለኛ ነው ማለት ይቻላል፤ ያ ሰው ግን ስንት ኩንታል በማን ዋጋ እንዳስረከበ ሳያሰሉ መፍረድ ቸኩሎ መፍረድ ነው።

ከተማ ውስጥ ሱቅ ወደ ቤት የተለወጠበት መንገድ ከዚህ ይቀድማል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ ገቡ። ከእነዚህ መካከል ለንግድ የተሠሩ፣ ፊታቸው ለመንገድ የሆነ አንድ ክፍል ቤቶች ነበሩበት። ቀበሌው ቤት ላጣ ሰው ሲያከራያቸው ባንኮኒው ወጣ፣ አልጋ ገባ።

መጋዘን ወይም ሱቅ ውስጥ መኖር ታዲያ የራሱ ጣጣ አለው። መጋዘን የሚሠራው ለእህል ነው፤ እርጥበት እንዳያገኘው ወለሉ ከፍ ይላል፣ መስኮቱ ትንሽ ሆኖ ጣሪያው ሥር ይሰቀላል። ዝናብ እንዳያስገባ የታሰበ ቤት ፀሐይም አያስገባም፤ የጎጃም ደጋ ሐምሌ ደግሞ ያለ ፀሐይ የሚዘለቅ አይደለም። ሱቅም ቢሆን በሩ ለደንበኛ የሰፋ ነው፤ ሲከፈት መንገደኛው ሁሉ ምሳ ያያል። ማድቤቱ ከውጭ ይቀጠላል፤ ሳሎኑ በመጋረጃ ይከፈላል። የድሮው መደርደሪያ ግን አይነቀልም፤ ብርጭቆና ሲኒ ተደርድሮበት ከማንኛውም ቡፌ ይበልጣል። ይህ ጸሐፊ ቢጠየቅ፣ የመደርደሪያ ሠሪዎቹን ለቤት ሠሪነት ይቀጥራቸው ነበር።

የኅብረት ሥራው ስምም አልጠፋም። ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም ማዳበሪያ ለገበሬው የሚደርሰው በመሠረታዊ ማኅበራትና እንደ ጎዛምን ባሉ ዩኒየኖች በኩል ነው፤ ስኳርና ዘይትም ሲጠፋ ሰው የሚሰለፈው ሸማቾች ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። ኮታ አስረክብ የሚል የለም። ሰልፉ ግን እንደነበረ ነው፤ ከጧቱ የሚያዘው ወረፋም እንዲሁ።

ዊፕል ያለው ሱቅ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቦታዎች መዝገብ ሰፍሯል፤ ስክሪፑንም ሰብሳቢዎች በጥሩ ገንዘብ ይገዙታል። በሉማሜና በዙሪያዋ የምትኖሩ፣ አባታችሁ ወይም አያታችሁ እህል አስረክበው የተቀበሉት የኮታ ደረሰኝ፣ የማኅበር መታወቂያ ወይም የሱቅ ደብተር ሣጥን ውስጥ ካገኛችሁ እባካችሁ ለእሳት ማያያዣ አታድርጉት። ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ውሰዱት፤ ካልሆነም ፎቶ አንሡትና አዛውንቶቹ በሕይወት እያሉ የማን እንደሆነ ከጀርባው ጻፉበት።