የምሳ ዕቃ ነገር

በእኛ አገር የአይስክሬም ባልዲ ውስጥ አይስክሬም የሚገኘው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የተገዛ ዕለት፡፡ ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜውን በሙሉ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቂቤ፣ ወጥ... ሲይዝ ይኖራል፡፡ ፍሪጅ ከፍቶ፣ ባልዲ አይቶ፣ ልቡ ዘልሎ፣ ክዳኑን ሲያነሳ የምስር ወጥ ያልጠበቀው ልጅ ካለ እጁን ያውጣ!

እኛ ጅግጅጋ ከተማ ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተን የምንኖር አራት ደመወዝተኞች ነን፡፡ አራታችንም ወላጆቻችን ሩቅ ናቸው፡፡ በየቀኑ ሆቴል እንብላ ካልን ደመወዝ ከወሩ አጋማሽ አያልፍም፤ በየቀኑ እናብስል ካልን ደግሞ ከሥራ የሚመለሰው ሰው ምድጃ ላይ ተንበርክኮ ያመሻል፡፡ ስለዚህ እሑድ እሑድ ተሰብስበን እናበስልና ለሳምንቱ ፍሪዘር ውስጥ እናስቀምጣለን፡፡ ነገሩ ቀላል ይመስላል፡፡ ዕቃው እስኪመጣ ድረስ ነው፡፡

መቼም ጅግጅጋ ዕቃ አይጠፋባትም፡፡ የሶማሌላንድ ድንበር ያለባት ቶጎ ውጫሌ ከ60 ኪሎ ሜትር ብዙም አትርቅም፡፡ በዚያ መንገድ ከቴሌቪዥን እስከ ጭልፋ ያልገባ ነገር የለም፡፡ ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ እንደ ሰንደል ጭስ ወደ ላይ ተቆልሎ ታገኙታላችሁ፡፡ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ግልጽ፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ ባለ ክብ... የጠየቃችሁት ሁሉ ‹‹ማይክሮዌቭ ይችላል›› ይባላል፡፡ አንዱን እንደተባለው ‹‹የሚችል›› ገዝተን ስናሞቅበት ክዳኑ ተጠማዝዞ እንደ አንጄሮ ተጠቀለለ፡፡ የሻጩን ቃል ከመስማት የዕቃውን ቂጥ ማንበብ እንደሚሻል የገባን ያኔ ነው፡፡

የዕቃው ሥር ላይ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለ፤ መሐሉ ላይ ቁጥር ይቀመጣል፡፡ ቁጥሩ የሚናገረው ፕላስቲኩ ከምን እንደተሠራ ነው፡፡ 1 የሃይላንድ ውኃ ጠርሙስ ዓይነት ነው፤ ለቀዝቃዛ ነገር እንጂ ለትኩስ አልተፈጠረም፡፡ 5 ፖሊፕሮፒሊን ይባላል፤ ሙቀት ከሌሎቹ በተሻለ ይችላልና ለማሞቂያ የሚፈለገው እሱ ነው፡፡ 6 የፎም ሳህንና የፎም ብርጭቆ ዘመድ ነው፤ ትኩስ ወጥ አይቅረበው፡፡ 7 ‹‹ሌሎች›› ማለት ነው፤ ብዙ ዓይነት ፕላስቲክ የሚታጎርበት ቁጥር ስለሆነ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፡፡ ቢፒኤ የሚባለው ኬሚካል የሚወራበት ጠንካራና ግልጽ ፕላስቲክ ከነዚህ አንዱ ነው፡፡ የአውሮፓ ኅብረት ይህንን ኬሚካል መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሕፃናት ጡጦ አስወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላይ ደግሞ ምግብ ከሚነካ ዕቃ ሁሉ እንዲወጣ ወሰነ፡፡ ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም፡፡ የብርጭቆና የሹካ ምልክት ካለ ለምግብ የተሠራ ነው ማለት ነው፡፡ ምንም ምልክት የሌለው ዕቃ ደረቅ ነገር ይያዝ፤ ምስክር የሌለው ሰው አምኖ ገንዘብ አይበደርም፡፡

ወደ ባልዲያችን እንመለስ፡፡ የአይስክሬም ባልዲ ለብርድ የተሠራ ነው፤ ፍሪዘር ውስጥ ቤቱ ነው፡፡ የሚበደለው ስናሞቅበት ነው፡፡ የእኛ ወጥ ደግሞ የፈረንጅ ሾርባ አይደለም፤ ዘይትና ቂቤ ይንሳፈፍበታል፡፡ ውኃ ፈልቶ መቶ ዲግሪ ላይ ይቆማል፤ ዘይት ግን ከዚያ አልፎ ይሄዳል፡፡ ቀዩ ወጥ በነካበት መስመር ላይ ፕላስቲኩ የሚሻክረውና ቀለሙ በሳሙና የማይለቀው ለዚህ ነው፡፡ የእኛ ሕግ አጭር ናት፤ በባልዲ ይቀዝቅዝ፣ በድስት ወይም በሸክላ ሳህን ይሙቅ፡፡ ማይክሮዌቭ ለሌለው ሰው ይህ ሕግ ቀድሞም አለ፤ ድስት ሁልጊዜ ታማኝ ነው፡፡

ጠርሙስስ? ጠርሙስ ሽታ አይይዝ፣ ቀለም አይጠጣ፤ ግን ጠባዩ ክፉ ነው፡፡ ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፡፡ እስከ አፉ የተሞላ ጠርሙስ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው፡፡ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ተዉለት፤ አንገቱ የጠበበውን ትታችሁ አፉ ሰፊ የሆነውን ምረጡ፤ ከፍሪዘር አውጥታችሁ በቀጥታ ትኩስ ነገር ላይ አታስቀምጡት፡፡

ከዕቃው ዓይነት የሚበልጠው ግን መጠኑ ነው፡፡ አንድ ትልቅ ባልዲ ሙሉ ሩዝ ወይም ወጥ ትኩሱን ከደናችሁ ፍሪጅ ስታስገቡ ዳሩ ይቀዘቅዛል፤ መሐሉ ግን ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያል፡፡ ተሕዋስያን የሚወዱት ያንን ለብታ ነው፡፡ በተለይ ሩዝ! በሪስ የሚወድ ከተማ ውስጥ ይህን መናገር ግዴታ ነው፤ ሩዝ ላይ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ ዘሩ መቀቀልን ይቋቋማል፣ ሩዙ ሜዳ ላይ ሲያድር ይራባል፣ የሚተፋው መርዝ ደግሞ መልሶ በማሞቅ አይጠፋም፡፡ ስለዚህ ምግብ ከምድጃ በወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠፍጠፍ ያለ፣ ትንንሽ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ዕቃ ውስጥ ተከፋፍሎ ይግባ፡፡ ከዶሮ ወጡ ውስጥ ዕንቁላሉን አውጡ፤ በረዶ ገብቶ ሲወጣ ጎማ ይሆናል፡፡ ድንችም እንዲሁ፤ አሸዋ አሸዋ ይላል፡፡

ፌስታልንስ እንርሳው፡፡ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስሱን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ፌስታልን ጨርሶ የሚያስቀር አዋጅ አጸደቀ፡፡ ሕጉ ስለ ቆሻሻ ነው የሚያወራው፡፡ እኛ ግን ትኩስ ፉል በፌስታል ተቋጥሮ ባየን ቁጥር ስለ ሆዳችንም እናስባለን፡፡

ይህን ሁሉ ዕውቀት ሰብስበን ኮራ ስንል ጎረቤታችን ሳቁብን፡፡ ሀቦ እንላቸዋለን፤ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው፡፡ ‹‹እናንተ ልጆች፣ ሥጋ ለማቆየት መብራት ትጠብቃላችሁ?›› አሉን፡፡ ከዚያ ሙቅማድ አቀመሱን፡፡ ኦድካዕም ይባላል፡፡ የግመል ወይም የበሬ ሥጋ ተዘልዝሎ ይደርቃል፤ በጣም ትንንሽ ሆኖ ይከተፋል፤ ውኃው እስኪያልቅ በቂቤ ይጠበሳል፤ ከዚያ እንደገና ቂቤ ውስጥ ተቀብሮ ይቀመጣል፡፡ ያለ ፍሪጅ ለወራት ይቆያል፡፡ ሚስጥሩ ሁለት ነገር ነው፤ ውኃ የለም፣ አየር የለም፡፡ የእኛ እናቶች በቋንጣና በድርቆሽ የሚሠሩትም ያንኑ ነው፡፡

ዕቃውም ራሱ ዕውቀት ነው፡፡ በሰሜን ሶማሌዎች ሠርግ ላይ ሙቅማድ ‹‹ሔዶ›› በሚባል ዕቃ ይቀርባል፡፡ ምግቡ በቴምር ይሸፈናል፤ መያዣው እንደ ሙሽራ በነጭ ጨርቅ ይለብሳል፤ ከዚያ በገመድ እየተጠላለፈ ይታሰራል፡፡ የሙሽራው ወገን የቋጠሮውን ጫፍ ፈልጎ መፍታት አለበት፡፡ ጨዋታ፣ ፈተናና ምግብ በአንድ ላይ! ለወተት ደግሞ ከሥርና ከቃጫ የሚሰፋ ሃን የሚባል ዕቃ አለ፤ ወተት ከመግባቱ በፊት በእንጨት ጭስ ይታጠናል፡፡ የወተት ዕቃ በወይራ ሲታጠን እያየ ያደገ ሰው ሽታውን ወዲያው ያውቀዋል፡፡ ዛሬ ከባቢሌ በኩል የሚመጣው የግመል ወተት አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው በቢጫ ጀሪካን ነው፡፡ ጀሪካን ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ አይሰበርም፡፡ ግን አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ ገብቶ አያጥበውም፤ ውስጡ ሲጫጫር ቆሻሻ ይደበቅበታል፡፡ ከዚህ እኛም አንድ ሕግ ወሰድን፤ እጃችን የማይገባበት ዕቃ ውስጥ ምግባችን አይገባም፡፡

ሀቦ ስለ መብራት የተናገሩት ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ደረሰ፡፡ የአንዳችን እናት ከአዲስ አበባ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተሻግሮ የሚመጣ ዶሮ ወጥ ላኩ፡፡ በረዶ አድርገው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ በሰው እጅ፡፡ ዶሮ ወጥ መቼም ታውቃላችሁ፤ ሽንኩርቱን ማቁላላት ብቻውን የግማሽ ቀን ሥራ ነው፡፡ በሦስተኛው ቀን መብራት ሄደ፡፡ ሁለት ቀን ቀረ፡፡ ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት 48 ሰዓት ያህል ብርዱን ይይዛል፤ ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት ብቻ፡፡ የእኛ ግማሽ ነበር፡፡ በረዶ የሠራ ብርጭቆ ውኃ ላይ ሳንቲም አስቀምጠን ነበርና ስንከፍት ሳንቲሙ ሥር ወርዶ አገኘነው፡፡ ሁሉም ቀልጦ ነበር ማለት ነው፡፡ ወጡም ለብ ብሏል፡፡

ያን ቀን የተከራከርነው ስለ ዕቃ አልነበረም፡፡ ግማሾቻችን ‹‹በደንብ ይፍላና ይበላ፤ የእናት እጅ አይደፋም›› አልን፡፡ ግማሾቻችን ‹‹ይደፋ›› አልን፡፡ ተደፋ፡፡ ከዚያ የባሰው ጥያቄ መጣ፤ ለእናትየው ምን ይባላል? ‹‹ጣፈጠን›› ማለት ቀላል ነበር፡፡ ልጃቸው ግን ደውሎ እውነቱን ነገራቸው፡፡ ትንሽ ዝም አሉ፡፡ ‹‹ልጄ፣ ዶሮ ይተካል፤ አንተን የሚተካ ግን የለም›› አሉት፡፡ ቀጥለውም ‹‹ዕቃዬን ግን እንዳትጥል!›› ብለው ስልኩን ዘጉ፡፡

አሁን ፍሪዘራችን ውስጥ ባዶ ቦታ አይቀርም፤ ክፍተቱን ውኃ በሞሉ ሃይላንዶች እንሞላዋለን፡፡ ብርድ ይይዛሉ፡፡ በየዕቃው ላይ ወረቀት ለጥፈን ቀን እንጽፋለን፤ ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ ወጥ የለንም፡፡ ቀኑ በማን አቆጣጠር ይጻፍ የሚለው ራሱ ስብሰባ አስጠርቶ ነበር (አንዳችን በኢትዮጵያ፣ አንዳችን በቢሮው በፈረንጅ፣ አንዳችን ረመዳንን እየቆጠረ)፡፡ የወሩ ስም በፊደል እንዲጻፍ ተስማምተን ሰላም ወረደ፡፡

የእናትየው ዕቃ ታጥቦ ተቀምጧል፡፡ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ይላካል፤ በአገራችን ደግሞ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፡፡ ምን እንደምንሞላበት ሀቦን አማከርናቸው፡፡ ‹‹ሥጋውን እናንተ ግዙ፤ አከታተፉን እኔ አሳያችኋለሁ›› ብለውናል፡፡ መብራት የማይጠብቅ ስጦታ ነው፡፡