የክበቡ ቁልፍ

ሰው ለመኖሪያው ቤት ይሠራል፤ ለጸሎቱም ለሥራውም እንዲሁ ቤት ይሠራል። ከጸሎትና ከሥራ ለምትተርፈው ሰዓት ቤት መሥራትን ግን እንደ ቅንጦት የሚቈጥር ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ወጣት የሚታነጸውም ሆነ የሚበላሸው በአብዛኛው በዚያችው በምትተርፈው ሰዓት መሆኑን የማስተማር ሥራ የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል። ተማሪ በክፍሉ ሳለ መምህሩ ያየዋል፤ ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ አለቃው ያየዋል፤ እሑድ ከቀትር በኋላ ግን ማን ያየዋል? ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ የካቶሊክ ቁምስና ግቢ ውስጥ ለወጣቶች ክበብ የተሠሩት አዲስ ክፍሎች በቅርቡ ሲመረቁ ተገኝተን ያየነውና ያስታወስነው ነገር ነው።

ክፍሎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው መጻሕፍትና ጥቂት ኮምፒውተሮች ያሉበት የንባብ ክፍል ነው፤ ሁለተኛው የስብሰባና የመዘምራን መለማመጃ ነው፤ ሦስተኛውና ሰፊው የጠረጴዛ ቴኒስ፣ የዳማና የጆተኒ መጫወቻ ነው። ከፊታቸው ወንበር ተደርድሮ ሊቀመጡበት የሚቻል ጥላ ያለው በረንዳ አለ። የተሠሩትም በአንድ ባለጠጋ ስጦታ አይደለም፤ የቁምስናው ምእመናን፣ የቀድሞ አባሎችና ወጣቶቹ ራሳቸው ዓመታት በፈጀ መዋጮ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው አነጋገር በዚህ ግቢ ውስጥ በሲሚንቶና በድንጋይ ተጽፎ ይታያል።

እኛ በወጣትነታችን የምናውቀው ክበብ ግን እንዲህ አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ አሮጌ ወንበርና የተሰበረ ሣንዱቅ ይከማችባት የነበረች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። በበጋ እንደ ምድጃ ታቃጥላለች፤ በክረምት ዝናቡ ጣራዋን ሲደበድበው እርስ በርሳችን ለመሰማማት መጮኽ ነበረብን። ያም ሆኖ ቤተ መንግሥት የተሰጠን ያህል እንወዳት ነበር። በዚያች ክፍል ሰው ፊት ቆሞ መናገርን ተማርን፤ መሸነፍንም ያለ ጠብ መቀበል ለመድን። ከመካከላችን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆችም ነበሩ፤ ስለዚህ ነገር የሚጠይቃቸው አልነበረም። እኛም በጓደኞቻችን ምርጫ ገንዘብ ያዥ ሆነን የመዋጮውን መዝገብና የበሩን ቁልፍ ተረከብን።

እነሆ አሁን ለማንም ሳንናገረው ወደ ኖርነው ነገር ደረስን። በአንድ የክረምት እሑድ ዶፍ ዝናብ ሲወርድ አንድ ልጅ የሊስትሮ ሣጥኑን በደረቱ ታቅፎ ከደጃፋችን ቆመ። ዕድሜው ዐሥራ ሦስት ቢሆን ነው። እግሩ እስከ ጕልበቱ ጭቃ ነበር። «ጋሼ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ልቁም?» አለን። እኛም መዝገቡን ገልጠን ስሙን ጠየቅነው። ስሙ በመዝገቡ ሊገኝ እንደማይችል እያወቅን መዝገብ መግለጣችን ዛሬም ያሳፍረናል። ልጁ ስሙን ነገረን፤ እኛም ገጹን በጣታችን ከላይ እስከ ታች ከተከተልን በኋላ ክበቡ የአባሎች መሆኑን፣ አባል ለመሆንም በየወሩ መዋጮ መክፈል እንደሚያስፈልግ አስረድተን በሩን ዘጋንበት። ልጁ አልተከራከረም። ሣጥኑን አጥብቆ ያዘና በጭቃው ውስጥ ቁልቁል ወረደ። ከውስጥ የነበሩት ጓደኞቻችን ጨዋታቸውን አላቋረጡም። ወለሉም ንጹሕ እንደ ሆነ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያን ልጅ በሠፈሩ አላየነውም። ምናልባት ወደ ሌላ ሠፈር ሄዶ ይሆናል፤ ምናልባትም እያየነው አላስተዋልነው ይሆናል። ይባስ ብሎ ጥፋተኛ ነህ ያለን ሰው አልነበረም። እንዲያውም በዓመቱ መጨረሻ በተደረገው ስብሰባ ደንብ ጠባቂ ተብለን ተመሰገንን፤ ምስጋናውንም ተቀበልን።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ የቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮን ታሪክ ስናነብ የዚያ ልጅ ፊት ከመጽሐፉ ገጽ ላይ ብቅ አለብን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እኒህ ካህን በሰሜን ኢጣልያ በፒየሞንቴ አገር በ1815 ዓ.ም. ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለዱ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸውም አባታቸው ሞተባቸው። ኪየሪ በምትባል ከተማ ተማሪ ሳሉ በ1832 ዓ.ም. ከጓደኞቻቸው ጋር «የደስታ ማኅበር» የተባለ የወጣቶች ማኅበር አቋቋሙ። ደንቡ አጭር ነበረ፤ ይኸውም ለክርስቲያን ከማይገባ ንግግርና ተግባር መራቅ፣ እንዲሁም የትምህርትና የሃይማኖት ግዴታን በሚገባ መፈጸም ነው። ከዚህ የተረፈው ሰዓት ለጨዋታና ለሳቅ ነበር።

በ1841 ዓ.ም. ቅስና ተቀብለው በቶሪኖ ከተማ ሳሉ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 8 ቀን፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ቅዳሴ ለመቀደስ ልብሰ ተክህኖ ሲለብሱ አንድ ልጅ ከጥግ ቆሞ ነበር። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ልጁን ቅዳሴውን እንዲያገለግል ጠየቀው፤ ልጁ አገልግሎቱን እንደማያውቅ ቢነግረው፣ እንግዲያውስ እዚህ ምን ታደርጋለህ ብሎ በዱላ አባረረው። ዶን ቦስኮ ግን ይህን ባዩ ጊዜ ልጁ ወዳጄ ነው ብለው አስጠሩት። ባርቶሎሜዮ ጋሬሊ የተባለ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሞላው፣ እናትና አባቱ የሞቱበት፣ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ግንበኛ ነበረ። ከቅዳሴ በኋላ አነጋገሩት፤ አስተማሩትም፤ ተመልሶ እንዲመጣና ጓደኞቹንም እንዲያመጣ ጋበዙት። በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው የዶን ቦስኮ ሥራ የሚጀመረው ከዚህች ቀን ነው። እንግዲህ አንድ ልጅ ከበር ተባረረ፤ አንድ ሰው መልሶ ጠራው፤ ነገሩ ይህ ብቻ ነው። በእኛም በር ልጅ ተባርሮ ነበር፤ መልሶ የጠራው ግን አልነበረም።

የቶሪኖ ልጆች ቍጥራቸው እየበዛ ሲሄድ መሰብሰቢያ ቤት ታጣላቸው። በየእሑዱ በሚያሰሙት ጫጫታ የተነሣ ከ1844 እስከ 1846 ዓ.ም. ድረስ ከቦታ ወደ ቦታ ተንከራተቱ። ለሆስፒታል ከተዘጋጀ ክፍል ወደ ወፍጮ ቤትና ወደ መቃብር ስፍራ ጸሎት ቤት፣ ከዚያም ወደ ኪራይ ክፍሎች፣ በመጨረሻም ወደ ባዶ ሜዳ ሄዱ። የሜዳው ባለቤቶችም ሣሩ እስከ ሥሩ ተረገጠብን ብለው ውጡ አሏቸው። በዚህ ጊዜ ቫልዶኮ በሚባል ሠፈር ፒናርዲ ከሚባል ሰው አንዲት ዳስ የመሰለች ቤት ተከራዩ። የቤቲቱ ጣራ እጅግ ዝቅተኛ ስለ ነበረ፣ ሰው ቀጥ ብሎ እንዲቆምባት ወለሏ ተቈፍሮ ዝቅ እንዲል ተደረገ። አፕሪል 12 ቀን 1846 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ተባርካ ተከፈተች። በዚያው ዓመት የፒየሞንቴ ተወላጅ የሆኑት፣ በአገራችን አቡነ ማስያስ እየተባሉ የሚታወቁት ካፑቺኑ ጉልየልሞ ማሳያ፣ ጵጵስና ተቀብለው ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ መጀመራቸውን ስናስብ፣ የሁለቱ አገሮች ታሪክ ሳይተዋወቅ የተቀራረበ ሆኖ እናገኘዋለን። የዶን ቦስኮ ማኅበር ካህናትና ወንድሞች ራሳቸው ወደ መቀሌ የመጡት ከመቶ ዓመት በላይ ቈይተው በ1975 ዓ.ም. ነው።

ይህን አሳብ ያሰቡት እርሳቸው ብቻ አልነበሩም። በጀርመን አገር አዶልፍ ኮልፒንግ፣ ቅስና ከመቀበላቸው በፊት ጫማ ሠሪ የነበሩ ሰው፣ በ1849 ዓ.ም. በኮሎኝ ከተማ ከሰባት ወጣት የእጅ ሠራተኞች ጋር ማኅበር መሠረቱ፤ ከቤታቸው ርቀው በየከተማው ለሚዞሩ ሠራተኞችም ማረፊያ እንዲሆን ቤት እንዲሠራ አደረጉ። በቤልጅግም ዮሴፍ ካርዳይን የወጣት ክርስቲያን ሠራተኞችን ማኅበር በ1925 ዓ.ም. አቋቁመው፣ ወጣቶች በመጀመሪያ ኑሯቸውን እንዲያዩ፣ ቀጥሎ እንዲመዝኑ፣ ከዚያም እንዲሠሩ አስተማሩ። ሦስቱም ካህናት ከድኃ ወገን የወጡ ነበሩ። ከደጅ መቆም ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ አልተማሩትም።

ወደ ራሳችን ክበብ እንመለስ። ምርቃቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው የክበቡ ኮሚቴ ስለ አዲሱ ደንብ ለመነጋገር ሲሰበሰብ የቀድሞ አባል በመሆናችን ተጠርተን ነበር። ከቀረቡት አንቀጾች አንዱ፣ ፎቶግራፍ ያለበት የአባልነት ወረቀት ያልያዘ ሰው ከግቢው በር እንዳያልፍ የሚል ነበር። በዚህ ጊዜ ለብዙ ዓመት የደበቅነውን የሊስትሮውን ልጅ ነገር ሳንቀንስ ተናገርን። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ ወጣቱ ጸሐፊ እጁን አነሣና፣

«ጋሼ፣ የነገሩን ነገር ልብ ይነካል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ሁለት ኳስና ብዙ መጽሐፍ ጠፍቶብናል። ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ማነው የሚተካው? ሲጠፋ የምንወቀሰው እኛ ነን፤ በሩን ክፈቱ ያለን ሰው አይወቀስም» አለ።

እውነት ተናገረ። ደግነትን በሌላ ሰው ዕቃ መሥራት ቀላል ነውና ወዲያው መልስ አላገኘንም። ይሁን እንጂ ክርክሩ ሲረዝም ሊቀ መንበሯ አንድ አሳብ አቀረበች። የንባቡ ክፍል በአባልነት ወረቀት ይሁን፤ የጨዋታው ክፍልና በረንዳው ግን እሑድ ከቀትር በኋላ ያለ መዝገብ ለመጣ ሁሉ ክፍት ይሁን፤ በየእሑዱም ሁለት አባሎች ተራ ገብተው በሩ ላይ ይቁሙ፤ ሥራቸውም የመጣውን መመለስ ሳይሆን መቀበል ይሁን አለች። በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ጸሐፊው ድምፁን የሰጠው በተቃውሞ ነበር። እኛም ከዚያ በላይ በተፈለገ ብለን ተመኘን፤ ዳሩ ግን ደንብ ሁሉንም ሊያደርግ እንደማይችል ከማንም ይልቅ እኛ እናውቃለን። ያን ዕለት ልጁን ለማስገባት ከደንቡ የጐደለ ነገር አልነበረም፤ የጐደለው ከእኛ ነበር።

የምርቃቱ ቀን ቄጤማው ተጐዝጕዞ፣ ዕጣኑ ጤሶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ድፎ ዳቦው ለቈራሹ ተዘጋጅቶ ነበር። ቆሞሱ ክፍሎቹን ባርከው ጠበል ረጩ። ከዚያም ወጣቶቹ አክብረውን ቁልፉን ሰጡንና የጨዋታውን ክፍል በር እንድንከፍት ጠየቁን። እጃችን ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ሰዎች እርጅና መስሏቸው ይሆናል።

እልልታው ገና ሳያበቃ ከግቢው በር አጠገብ አምስት ስድስት የሠፈር ልጆች ቆመው ወደ ውስጥ ሲያዩ አየን። ዘበኛው እንደ ልማዱ ሊያርቃቸው ተነሣ። እኛ ለመናገር አፋችንን ስንከፍት አንድ ሰው ቀደመን፤ ያ በተቃውሞ ድምፅ የሰጠው ጸሐፊ ነበር። የዕለቱ ተራ የእርሱ ነበርና ወደ በሩ ሄዶ ልጆቹን ጠራቸው። ከመካከላቸው ትንሹ የሚያብረቀርቀውን ወለል አይቶ፣

«ጫማችንን እናውልቅ?» ብሎ ጠየቀ።

«አታውልቁ፤ በኋላ አብረን እንወለውለዋለን» አለው።

አንባቢ ሆይ፣ በየከተማውና በየትምህርት ቤቱ ለወጣቶች የሚሠሩ ቤቶች እንዲበዙ እንመኛለን። ሹም የሆነ መሬቱን፣ መምህር የሆነ ሰዓቱን፣ ተማሪ የሆነ ጕልበቱን ቢሰጥ ቤቱ መሠራቱ አይቀርም። ግድግዳው ከቆመ በኋላ ግን ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅን አንርሳ። እኛ አንድ ጊዜ ቁልፍ ይዘን ተሳስተናል፤ ያን ልጅ ዛሬ ፈልገን ይቅርታ ልንጠይቀው አንችልም። በሚመጣው እሑድ በሩ ላይ የመቆም ተራው የእኛ እንዲሆን ጠይቀን ተፈቅዶልናል።